አሮጌውን የዓሣ ኩሬ እስከ ወለሉ ማድረቅ

በ1990ዎቹ አጋማሽ የውኃ ማቆር ዘመቻ በተጧጧፈበት ጊዜ በየማሳው ዳር ከተቆፈሩት ኩሬዎች ብዙዎቹ ዛሬ በደለል ተሞልተዋል፤ አለዚያም የከብት መጠጫ ሆነው ቀርተዋል። በጎጃም ከመራዊ ከተማ አለፍ ብሎ በአባቴ መሬት ላይ ያለው ኩሬ ዕድሉ ትንሽ ይለያል። የመጀመሪያው የፕላስቲክ ንጣፍ ተቀዳዶ ከወጣ በኋላ ወርዱ ሰፍቶ፣ በቁልቁለቱ በኩል የአፈር ክትር ተሠርቶለትና ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ተጨምሮበት፣ ለዓመታት በጾም ወራት ቤተሰቡን ሲመግብ፣ የተረፈውም ሲሸጥ ኖሯል። ስፋቱ 300 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ዓሣው እየቀጨጨ ሄደ፤ መረብ በተጣለ ቁጥር የሚወጣው ብዛቱ የሚያስደንቅ፣ ሥጋው ግን ለአንድ ድስት የማይበቃ ሆነ። ጎረቤት «ዘሩ ከፋ» ይል ነበር፤ አባቴም አዲስ የዓሣ ጫጩት ከባሕር ዳር አስመጥተን በላዩ እንድንጨምርበት ሐሳብ አቀረቡ።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በእኔ ግምት ግን በአሮጌ ኩሬ ላይ አዲስ ጫጩት መጨመር ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው። ምክንያቱ ከዓሣው ጠባይ ይመነጫል። ቆሮሶ፣ በሳይንሱ አጠራር የናይል ቲላፒያ፣ ገና በአምስትና በስድስት ወሩ መራባት ይጀምራል። ወንዱ በኩሬው ወለል ላይ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ ጎድጓዳ ቦታ ይምሳል፤ ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ፣ ወንዱ ዘሩን ሲረጭበት መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች፤ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉም ድረስ ለሁለት ሳምንት ገደማ ጉንጯ ውስጥ ይዛቸው ትቆያለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ አትመገብም ማለት ይቻላል። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ጥቂት ሳምንታት ዐርፋ እንደገና ትጀምራለች፤ ልጆቿም ሲደርሱ እንዲሁ ያደርጋሉ። የሚበላ ነገሩ የተወሰነ ኩሬ በዚህ አኳኋን በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ በሺህ በሚቆጠሩ ድንክ ዓሦች ይሞላል። ምግብ ሲያጥር ቆሮሶ ዕድገቱን ትቶ መራባቱን ያስቀድማልና፣ ዘሩ የከፋ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ሕዝብ መካከል የሚጣል ጫጩት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ተሻሚ ይበዛበታል፤ ሌላ ዓሣ የሚበላው አምባዛ (ካትፊሽ) ካለ ደግሞ ራሱ ራት ይሆናል። ስለዚህ አሮጌ ኩሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እስከ መጨረሻዋ ዓሣ ባዶ መሆን ነው፤ ግማሹን ቀድቶ ግማሹን መተው አይበቃም።

አባቴ ይህን ሲሰሙ «በየካቲት ውኃ የሚደፋ ገበሬ አይቼ አላውቅም» አሉ። እውነት አላቸው። በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ ከወጣ በኋላ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ የሚያስተማምን ዝናብ የለም፤ የቆጋ መስኖ ቦይ ለማይደርሰው ማሳ ኩሬ ማለት የበጋው ስንቅ ነው። «አይደፋም አባባ፤ ሽንኩርቱ ይጠጣዋል» አልኋቸው፤ ስምምነታችንም በዚሁ ላይ ቆመ። በኅዳርና በታኅሣሥ የተተከለ ሽንኩርት ውኃ የሚፈልገው እስከ የካቲት አካባቢ ነው፤ ኮረቱ መብሰል ሲጀምር ውኃው ይቆምለታል። ስለዚህ ኩሬውን በአንድ ጊዜ ከመገልበጥ ይልቅ በየመስኖ ተራው እየቀነስን ብንሄድ፣ ሽንኩርቱ ጠጥቶ ሲጨርስ ኩሬውም አብሮ ያልቃል። ዓሣ የኖረበት ውኃ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው በውስጡ ባለው በዓይን የማይለይ ደቂቅ እጽና በዓሣው ኩስ በመሆኑ፣ ለአትክልት ከወንዝ ውኃ የተሻለ ነው። ወቅቱም ለገበያ የተመቸ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ ቢኖርም ገበያው ለራሱ መልስ ካገኘ ቆይቷል።

ለማድረቁ ሥራ የመስኖ ሞተር ተከራየን። የሞተሩ መምጠጫ ቱቦ ጫፍ በቀጥታ ውኃ ውስጥ ከተጣለ ጭቃና ዓሣ እየሳበ ስለሚታነቅ፣ በቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ ከትተን ቅርጫቱን ደግሞ በወባ አጎበር ቁራጭ ሸፈንነው። ከኩሬው ዝቅ ያለ ማሳ ላለው ሰው ግን ሞተር የግድ አይደለም፤ ውኃ የሞላ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ኩሬው ውስጥ አስጠልቆ ሌላውን ከውኃው ወለል በታች ወዳለው ቦታ መልቀቅ ብቻ ውኃውን ሌት ተቀን ያወርደዋል። የሚያዘገየው መጨረሻው ነው። ውኃው ከጉልበት በታች ሲደርስ ዓሣው ሁሉ ወደ ጥልቁ ጥግ ይሰበሰባል፤ ጭቃው ይበጠበጣል፤ ኦክስጅኑ ያልቃል። ይህን ክፍል ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ መሥራት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ለገበያ የታሰበው ዓሣ እዚያው አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ወለሉ ሲገለጥ ያየነው ነገር ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ ያለ ቃል አስረዳ። ጥልቀት በሌለው በኩል ያለው ጭቃ ጎን ለጎን በተደረደሩ ክብ ጎድጓዳዎች ተሞልቶ ነበር፤ የአንዱ ጠርዝ የሌላውን እየነካ፣ አንዳንዱ የሰው እጅ መዳፍ፣ አንዳንዱም የድስት ክዳን ያህል። ለግጦሽ የሚሆን ቦታ እንኳ አልተረፈም። ከመረቡ ካወጣናቸው ሴቶች ብዙዎቹ ከእጅ ጣት እምብዛም የማይበልጡ ሆነው ሳለ፣ አፋቸው ሲከፈት ቢጫ እንቁላል ወይም ጭራ ያወጡ ጥቃቅን ልጆች ይፈስሳሉ። አባቴ አንዷን በመዳፋቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ይህች ራሷ ልጅ ናት» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ማድረቁ አልተከራከሩም።

አምባዛው ሌላ ጣጣ አለው። ከስንጥቡ በላይ ከአየር ኦክስጅን የሚወስድበት አካል ስላለው ውኃው ቢያልቅም አይሞትም፤ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ዝናብ ይጠብቃል፤ በእርጥብ ሌሊት ደግሞ በደረቱ እየተሳበ ወደ ሌላ ውኃ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ደርቋል ብለን በተውነው ጥግ ጭቃው ራሱ ሲነቃነቅ አይተን በአካፋ ስንቆፍር፣ ክንድ የሚያህሉ አምባዛዎች አወጣን። እነዚህ ቢቀሩ ኖሮ የሐምሌው ጫጩት ነሐሴን አያይም ነበር። ውኃ ያቆሩ ትንንሽ ጉድጓዶችም ቢሆኑ በቸልታ አይታለፉም፤ አንዲት ባልዲ የማትሞላ ውኃ በመቶ የሚቆጠር የቆሮሶ ልጅ ትሸሽጋለች። ትልልቁ ዓሣ ተሸጠ፤ ድንኩ ከነአጥንቱ በዘይት ተጠብሶ ተበላ፤ የተረፈውን ዶሮዎቹ አላሳነፉትም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ደለሉን ማውጣት ነው። ጥልቁ ጥግ ላይ ዶማው እስከ እጀታው አንገት ይሰምጥ ነበር፤ ከላይ ቡናማ፣ ከሥር ድፍን ጥቁር፣ ሲገለበጥ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጭቃ። ይህ ሽታ አየር በማያገኝ ቦታ ከሚበሰብስ ቅጠልና ኩስ የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ጭቃው ከተተወ በሚቀጥለው ዘመን ኦክስጅኑን ከዓሣው ጋር ይሻማል። ለዚህ ሥራ ወንፈል ጠራን፤ ጠላውም እንጀራውም ተዘጋጀ፤ የሰፈሩ ወጣቶች በባሬላና በማዳበሪያ ጆንያ እያወጡ ሽንኩርቱ ወደ ተነሣበት ማሳ በተኑት። ጭቃውን ክትሩ ላይ መከመር ቀላል ይመስላል፤ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ግን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ሁሉንም ጠርጎ ማውጣትም አያስፈልግም፤ ስስ ደለል ውኃ እንዳይሰርግ ያግዛል፣ ለደቂቅ እጹም ምግብ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ኩሬውን ለፀሐይ መተው ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ምንም የማይሠራ ይመስላል። የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ ወለሉን እየሰነጠቀ ሲሄድ አየር ወደ ጥልቁ ይገባል፤ የታመቀው ቆሻሻ ይቃጠላል፤ የጥገኛ ትላትሎችና የበሽታ ዘር ይቀንሳል። የቢልሃርዚያ ተሸካሚ የሆኑት ቀንድ አውጣዎችም ይቀንሳሉ፤ ጣና ዙሪያ ልጆች በኩሬ ስለሚዋኙ ይህ እንደ ትንሽ ነገር የሚታለፍ አይደለም። ስንጥቁ የእጅ ጣት ርዝመት ያህል ወደ ውስጥ ሲገባና ሰው ሲሄድበት እግሩ ሳይሰምጥ ሲቀር ወለሉ ደርሷል ማለት ነው።

ወለሉ በሚደርቅበት ጊዜ ፊታችንን ወደ ክትሩ መለስን። የውኃው መጠን ከጥር ጀምሮ ከትነት በላይ ሲቀንስ የቆየበት ምክንያት እዚያ ነበር። ከዓመታት በፊት «አፈሩን ይይዛል» ተብሎ ክትሩ ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ አለ፤ በመራዊ አካባቢ ባሕር ዛፍ ያልተተከለበት ቦታ ማግኘት ስለሚያስቸግር ብዙ አይገርምም። የዛፉ ሥር ውኃ ፍለጋ ክትሩን ከዳር እስከ ዳር ይበሳል፤ ሲቆረጥ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ በስብሶ ሲያልቅ ደግሞ ባዶ ቱቦ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ግንዱን ቆርጦ ጉቶውን መተው ዛፉን እንዳለ ከመተው አይሻልም፤ ጉቶው ከነሥሩ ተቆፍሮ መውጣትና ቦታው በሸክላ አፈር መሞላት አለበት። አንዱን ጉቶ ስንነቅል ከሥሩ አጠገብ ክንድ የሚያስገባ የፍልፈል ጉድጓድ አገኘን፤ ውስጡ እርጥብ ነበር፤ ተከትለነው ስንቆፍር በክትሩ ማዶ ሁልጊዜ ለምለም ሆኖ ከሚታየው ሣር ሥር ወጣ። በበጋ ከኩሬ በታች ብቻውን የሚለመልም ሣር ካለ ውኃው የሚያመልጠው በዚያ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ለመሙያ የሚሆነው አፈር ማንኛውም አፈር አይደለም። ጥቂት አፈር በውኃ ለውሶ በመዳፍ መካከል እንደ ገመድ ማንከባለልና ቀለበት አድርጎ ማጠፍ ነው፤ ካልተሰበረ ውኃ ይይዛል፤ ከተፈረካከሰ ለመንገድ ይሁን። ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ውኃ ቢይዝም ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ በየበጋው ለሚደርቅ ክትር ለብቻው አልወደውም፤ እኛ የተጠቀምነው ሸክላ ሠሪዎች አፈር ከሚያወጡበት አካባቢ የመጣ ቀይ አፈር ነው። አፈሩ በአንድ ስንዝር ውፍረት እየተነጠፈ፣ ጥቂት ውኃ እየተርከፈከፈበት ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ሌላ ንጣፍ ይቀጥላል። ለመጠቅጠቁ ከማንኛውም መሣሪያ በሬ ይበልጣል። ጤፍ እንደሚወቃ በሬዎቹን ወለሉና የክትሩ እግር ላይ ደጋግመን አመላለስናቸው፤ ሰኮናቸው ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ክብደት ስለሚያሳርፍ አፈሩን አጥብቆ ያያይዘዋል። የክትሩን የውስጥ ጎን ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ ሁለት ሜትር እንዲንጋለል አድርገን አስተካከልነው፤ ጥልቀቱ በአንድ ዳር 80 ሴንቲ ሜትር፣ በመውጫው በኩል 1.5 ሜትር ሆነ። ጥልቀቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ዳርቻ መተው ሣርና የወባ ትንኝ ማራባት ነው። በባሕር ዛፉ ፋንታ ክትሩን ሰርዶ አለበስነው።

ስለ ኖራ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የጎጃም ገበሬ አሲዳማ መሬትን ለማከም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሲበትን ስለኖረ አሠራሩን ያውቀዋል። ለኩሬ ወለል ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 25 ኪሎ ይበተናል፤ እንደ አፈሩ አሲድነት ነው። ለኛ ኩሬ አንድ ኩንታል ሳይሞላ በቃው። ውኃ ሲነካው የሚፈላው የተቃጠለ ኖራ ግን ሌላ ነው። እሱን ሳይደርቁ በቀሩት እርጥብ ጥጎች ላይ ብቻ ተጠቀምንበት፤ የተደበቀ አምባዛና የዓሣ ልጅ ይገድላል፤ የሰው ዓይንና ቆዳም ስለሚያቃጥል ጓንትና የዓይን መከለያ ሳያደርጉ፣ ነፋስ ባለበት ሰዓትም መበተን አይገባም። ኖራና ፍግ በአንድ ቀን አይበተኑም፤ ኖራው ይቀድማል፣ ፍጉ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ይከተላል።

የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ወደ ኩሬው የሚገባውን ጎርፍ በቀጥታ አላስገባነውም። አስቀድሞ ደለሉን የሚያራግፍበት ትንሽ ጉድጓድ አለፈ፤ ከዚያ በጥቅጥቅ ወንፊት በኩል ገባ፤ ያለ ወንፊት ከሆነ የጎረቤት ቦይ ውስጥ ያለ የቆሮሶ ልጅ ሁሉ ተመልሶ ይገባና የበጋው ድካም በአንድ ጎርፍ ይሰረዛል። በጣና ሲሠራበት የዋለ መረብና ጀልባ ወደ ኩሬው እንዳይደርስም ተጠነቀቅን፤ እምቦጭ ከአንዲት ቁራጭ ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ የሐይቁ ሰዎች አይተውታል። ውኃው ሲሞላ ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት 5 ኪሎ ያህል የደረቀ የዶሮ ኩስ መጨመር ጀመርን። ውኃው መድረሱ የሚታወቀው በክንድ ነው፤ እጅ ተዘርግቶ እስከ ክርን ድረስ ሲጠልቅ መዳፉ ከጠፋ ደቂቅ እጹ በቅቷል፤ ከዚያ ቀድሞ ከጠፋ ኩሱ ይቁም፤ ጣቶቹ ጥርት ብለው ከታዩ ይጨመር።

የዓሣ ጫጩት የሚገኝበት ቦታ በአገራችን ጥቂት ነው፤ የሰበታውና የባሕር ዳሩ የዓሣ ምርምር ማዕከላት በመጀመሪያ የሚነሡት ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወዲህ ፈላጊው ስለበዛ አስቀድሞ መመዝገብ ይሻላል። እኛ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ቆሮሶ አስበን ጣልን። ወንድ ወንዱን ብቻ ለይቶ መጣል የሚቻል ከሆነ መራባቱ ከምንጩ ይቆማል፤ ጫጩቱ ከ25 እስከ 30 ግራም ሲደርስ ከሆዱ ሥር ተመልክቶ መለየት ይቻላል፤ ወንዱ ሁለት፣ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላት። ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጥቂት ሴት ማምለጧም አይቀርም። ለዚህ መድኃኒቱ አምባዛ ነው፤ ሲወጣ የተሳደደው አሁን ተጠርቶ ይገባል። ለአሥር ቆሮሶ አንድ ገደማ፣ ያውም ቆሮሶው ሁለት ወር ያህል ካደገ በኋላ፣ ከሱ ያነሰ አምባዛ ሲጨመር አዲስ የሚፈለፈለውን እየለቀመ ኩሬውን ያመጣጥናል።

ካርፕ እንድንጨምር የመከሩን ነበሩ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ብርድም ይችላል። እምቢ ያልነው ስለ ጣና ነው። የዚህ አካባቢ ውኃ ወደ ቆጋ፣ ቆጋም ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይገባል። በሐይቁ ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ በክረምት ሞልቶ ሊፈስስ የሚችል ኩሬ ያለው ሰው ለሐይቁ እንግዳ የሆነ ዓሣ ማርባት የለበትም። ቆሮሶና አምባዛ ግን የሐይቁ የራሱ ናቸው።

ጫጩቱ ከመጓዙ በፊት አንድ ቀን ሳይመገብ መዋል አለበት፤ ሲሶው ውኃ፣ የቀረው ኦክስጅን በሆነ የፕላስቲክ ከረጢት ይመጣል። ኩሬው ላይ እንደደረሰ መገልበጥ አይገባም፤ ከረጢቱ ታስሮ እንዳለ ለግማሽ ሰዓት ያህል ውኃው ላይ ይንሳፈፍ፣ ከዚያ ይፈታና የኩሬው ውኃ ቀስ በቀስ ይቀላቀልበት፤ ጫጩቱ በራሱ ጊዜ ይወጣል። አሁን በቀን ሁለት ጊዜ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እንሰጣለን፤ ጠላ በተጠመቀ ሰሞን አተላም ይጨመራል። ቦታችን ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነና ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ስለሚወድ፣ የስምጥ ሸለቆ አርቢዎች የሚያገኙትን ዕድገት አንጠብቅም። ደመና ከዋለበት ቀን ማግሥት ማለዳ ዓሣው አፉን ወደ ላይ አውጥቶ አየር ሲቃርም ከታየ የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ኩሱና መኖው ወዲያውኑ ይቁም፣ ንጹሕ ውኃም ይግባ።

ክትሩ ተከፍቶ በነበረበት ጊዜ ከሥሩ አንድ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ አሳለፍን፤ በኩሬው ውስጥ ባለው ጫፉ ላይ በኤልቦ (በቱቦ ማጠፊያ መገጣጠሚያ) የሚጋደም ቋሚ ቱቦ ገጠምንለት፤ አፉንም በወንፊት አሠርነው። ቋሚው ቱቦ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከቁመቱ በላይ የሚመጣውን የክረምት ውኃ ያፈስሳል፤ ሲጋደም ደግሞ ኩሬውን በሙሉ ወደ ሽንኩርቱ ቦይ ይለቀዋል። አባቴ ዋጋውን ከሞተር ኪራይና ከነዳጅ ጋር አስልተው፣ በሚመጣው ሁዳዴ ራሳቸው እንደሚያጋድሙት ተናግረዋል።